የማንም ያልሆነ ጩኸት

"ምናልባት ጮኼበት ይሆናል እኮ፣ እታለም። ሰው የገዛ ድምፁን መቼ በትክክል ይሰማል?"

ቴክኒሺያኑ ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ጺሙን ግማሹን ተላጭቶ፣ ግማሹ ገና በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ። የቤቱ ግድግዳ ስስ ነው። የሚስቱ ታናሽ እህት ሳሎን ውስጥ፣ ማታ ማታ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለእህቷ ታወራለች። ልጆቹ እንዳይነቁ ብላ ድምፅዋን ዝቅ ብታደርገውም ጭራሽ ጥርት ብሎ ይሰማል። "አንቺ?" አለች ሚስቱ። "አንቺ ነሽ የምትጮኺው? በር ስትዘጊ እንኳ ድምፁ እንዳይሰማ እጀታውን ይዘሽ የምትዘጊ ሰው?" "እሱንማ አውቃለሁ። ግን ቀረጻውን አሰሙኝ። ድምፁ የኔ ነው። 'እባክዎ ይ...' ይልና ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። የሴት ጩኸት። በዚያ መስመር ላይ ደግሞ ከኔ ሌላ ሴት አልነበረችም።" ቴክኒሺያኑ ምላጩን ጉሮሮው ላይ እንዳቆመ ትንሽ ጠበቀ። ቀጥሎ የሚመጣውን ላለመስማት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ቀን በፊት ነው። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ታላቅ እህቱ ትንፋሽ አጥሯት ስትጨነቅ አይቶ ወደ አምቡላንስ ጥሪ መቀበያው ይደውላል። ስልኩን ያነሳችው እዚያ ጥሪ ተቀባይ የሆነችው የቴክኒሺያኑ ሚስት ታናሽ እህት ነበረች። ሰውየው በድንጋጤ ሰፈሩን ብቻ ነገራት፤ መኪኖቹም ሁሉ ወጥተው ስለነበር መስመር ላይ እንዲቆይ ጠይቃው መኪና ፍለጋ ገባች። አራት ደቂቃ ፈጀባት። መኪና አግኝታ፣ የቤቱን ምልክት ልትጠይቀው ስትመለስ እሷም እሱም እኩል ተናገሩ፤ በዚያው ቅጽበት ሰውየው ጆሮ ላይ የሚሰነጥቅ ጩኸት ወረደበት። ስልኩን ጠረቀመው። እንደ እብድ ወደ ዋናው መንገድ ሮጦ ታክሲ ለመነ። እሷ ደጋግማ ብትደውልለት የሚያነሳ የለም። አምቡላንሱ ሰፈሩ ውስጥ ሲሽከረከር ቆየ፣ ታክሲውም ሲገኝ ረፍዶ ነበር፤ እህቱ ሆስፒታሉ በር ሳትደርስ ሞተች። በማግስቱ ሰውየው አንድ ገጽ አቤቱታ ጽፎ መጣ። "እህቴ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ሠራተኛችሁ ጮኸችብኝ" ይላል። ታናሽየዋ በበኩሏ በጆሮ ማዳመጫዋ የሰማችው "ቀጭ" የሚል ድምፅ ብቻ ነው፤ ማዳመጫው የሠራተኞቹ ጆሮ እንዳይጎዳ ከልክ ያለፈ ድምፅ ሲመጣ ራሱን ይዘጋል። ስለዚህ ይህ ነገር አልሆነም ብላ ለመማል የሚያስችል ምንም ነገር በእጇ አልነበረም።

ቴክኒሺያኑ በዚያው የጥሪ መቀበያ ሕንጻ፣ ምድር ቤት ካለው የመሣሪያ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። የሥራ ጓደኞቹ "ጆሮ" ይሉታል፤ መስመር ሲበላሽ ዕቃ ሳይፈታ፣ ሰምቶ ብቻ የት ጋ እንደሆነ ስለሚናገር። ይህችን የአራት ደቂቃ ነገር ታናሽየዋ አቤቱታው በገባ በሁለተኛው ቀን፣ እራት ላይ ስታወራ በሰማ ጊዜ ማንኪያው አየር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ማንም አላየውም።

የስልክ መስመር ባሕርይው ነው፤ የሰጡትን ድምፅ ሁሉ ወደዚያኛው ጫፍ አያደርስም። ከፊሉን ለተናጋሪው ይመልስለታል፤ ሰውየው ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ይመስል የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማል። ይህን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ "ማሚቶ ማጥፊያ" ይሉታል። የሚሄደውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ተመልሶ የሚመጣው ምን እንደሚመስል ይገምታል፣ የገመተውን ይቀንሳል። ግምቱንም ከሚሰማው እየተማረ በየቅጽበቱ ያርማል። የሰው ንግግር ብዙ ዓይነት ድምፅ ስላለበት ጥሩ አስተማሪ ነው። መስመር ላይ የቆየ ሰው የሚሰማው ያ አንድ ወጥ "ቲ..." የሚለው ድምፅ ግን ምንም አያስተምርም። ያንን ብቻ ለረጅም ጊዜ ካሰሙት መሣሪያው በሌላው ሁሉ ላይ ቀስ እያለ ይስታል፤ ሲስት ምንም ምልክት አያሳይም። ከዚያ ሰው ድንገት አፉን ሲከፍት፣ መቀነስ የነበረበትን ይደምራል። የደመረው ዞሮ ይመጣል፣ ያንንም ይደምርበታል፤ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ጩኸት ይሆናል። ክፋቱ ደግሞ፣ ጩኸቱ ራሱ በብዙ ዓይነት ድምፅ የተሞላ በመሆኑ መሣሪያውን መልሶ ያስተምረዋል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይታረምና ምንም እንዳላደረገ ዝም ይላል።

ይህ እንዳይደርስ የሠሩት ሰዎች አንድ ማስተካከያ አበጅተውለታል፤ መሣሪያው በግምቱ ከልክ አልፎ እንዳይሄድ የሚይዘው ነው። ቴክኒሺያኖቹ ልጓም ይሉታል። ከአንድ ወር ተኩል በፊት የክፍሉ ኃላፊ "ከግምገማው በፊት የማሚቶ ቅሬታ ዜሮ መሆን አለበት" ብሎ ነበር። ልጓሙ ሲላላ ማሚቶው ይበልጥ እንደሚጠፋ ቴክኒሺያኑ ያውቃል። ጭራሹን ፈታው። ሁለት ሳምንት ልሞክረውና እመልሰዋለሁ ብሎ መዝገብ ላይ እንኳ አልጻፈውም። ቅሬታው ድራሹ ጠፋ፣ ኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ አገኘ፣ ሁለት ሳምንቱም አለፈ፤ ልጓሙ ግን እንደተፈታ ቀረ።

ከዚያ እራት ወዲህ ለራሱ ያልሰጠው ምክንያት የለም። ሥራ አክባሪ ናት፣ በማስጠንቀቂያ ያልፏታል አለ። ምናልባት መሣሪያው ላይሆን ይችላል አለ። የሚኖሩበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ሁለት ልጅ አለ፣ እሷም ከትዳሯ ከወጣች ወዲህ ሦስት ዓመት የኖረችው በዚሁ ቤት ነው፣ እኔ ብወድቅ ሁላችንም መንገድ ላይ ነን አለ። ትናንት ግን ደብዳቤው መጣ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከሥራ እንድትሰናበት ሐሳብ ማቅረቡን፣ የመጨረሻ ቃሏን ዛሬ ስምንት ሰዓት ቀርባ እንድትሰጥ ይገልጻል።

ቁርስ ላይ ትንሹ ልጅ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ "አክስቴ ለምን አትበላም?" ብሎ ጠየቀ፤ እናቱ "ብላ አንተ" አለችው። ታናሽየዋ የሥራ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳለች፣ ፀጉሯን አስራ አስተካክላለች፤ ፊቷ ግን ለብዙ ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ከቤት አብረው ወጡ። መሥሪያ ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም፤ የጋራዦቹን መንገድ ይዘው፣ ለጎማ ጥገና የተደረደሩትን መኪኖች እየዞሩ ሄዱ። መሀል ላይ ቆም አለች።

"ጋሼ፣ አንተ እንግዲህ ጆሮ ነህ። ቀረጻውን ቢያሰሙህ ድምፄ መሆን አለመሆኑን ትለየው ነበር?"

አሁን ቢነግራት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። "ብዙ አታስቢ" አላት። ራሷን ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች።

የመሣሪያ ክፍሉ መስኮት የለውም። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ ሠራተኞቹ በጋም ሆነ ክረምት ሹራብ ደርበው ነው የሚቀመጡት። ቴክኒሺያኑ የሙከራ መስመር ያዘ፣ ሁለት ስልክ አገናኘ፣ "ቲ..." የሚለውን ድምፅ ለቀቀና ሰዓቱን አየ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ በሁለቱም ስልክ ላይ እኩል ተናገረ። ምንም የለም። አራት ደቂቃ አቆየው። አሁንም ምንም የለም። ልቡ ቀለል አለው፤ ቀለል ስላለውም አፈረ። ሦስተኛውን ጀመረ። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ "ሃሎ" እንዳለ የስልኩ እጀታ እጁ ውስጥ ጮኸ። የራሱ ድምፅ ነበር፤ "ሃ" ብሎ በሱ ድምፅ ጀምሮ ወደ ላይ እየቀጠነ እየሾለ ሄዶ የታረደ ሰው ጩኸት ሆነ። ከዚያ እንደጀመረው ድንገት አቆመ። ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ደልደል ያለ፣ ለሁሉም ፈገግታ የማይጠፋው ሰው ነው፤ ዛሬም ፈገግ እንዳለ በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ጆሮ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ሰምተኸዋል።"

"ሰምቻለሁ።" ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ትከሻውን ያዝ አደረገው። "ስማኝ፣ ወንድሜ። ልጓሙን አሁኑኑ መልሰው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢሞክረው አይጮህም፤ አይደል?"

"አይጮህም።"

"በቃ። መሣሪያው ደህና ነው ብዬ ለኮሚቴው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ ደህና ይሁን። ልጅቷን እርሳት እያልኩህ አይደለም። ጥቂት ወር ትቆይ፣ አንድ ቦታ እንፈልግላታለን። እሷ ብቻ ብትወጣ ይሻላል ወይስ ሁለታችሁም? ሁለታችሁም ብትወጡ ያ ቤት በወሩ ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው። ሚስትህን ምን ልትላት ነው?"

ኃላፊው ሲወጣ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ። ቴክኒሺያኑ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና ልጓሙን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ትእዛዝ ጻፈ። ረጅም አይደለም፣ አንድ መስመር ነው። የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ከተጫነች ጩኸቱ ዳግመኛ አይሰማም፤ በሌላ ሰው ጆሮም አይገባም፣ ያ ጥሩ ነገር ነው። ታናሽየዋም ዕድሜ ልኳን የጮኸች ሴት ሆና ትቀራለች። ካልተጫነች ደግሞ በዚህች ሰዓት እንኳ አንድ ሌላ ሰው አራት ደቂቃ እየጠበቀ ይሆናል። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ስንት ጊዜ እንደቆየ አያውቅም። በመጨረሻ የጥሪ ተቀባዮቹን አዳራሽ መስመሮች አንድ በአንድ እየለየ በሁሉም ላይ ልጓሙን መለሰ፤ ሰባተኛዋን ብቻ፣ የታናሽየዋን ወንበር መስመር፣ ጥሪ እንዳይገባባት ዘግቶ እንደነበረች ተዋት። የምሳ ሰዓት አለፈ። ምሳ አልበላም።

ስብሰባው የተደረገው የአዳራሹ ተቆጣጣሪ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀረጻ የሚደመጠው እዚያ በመሆኑ። ጠባብ ክፍል ናት፤ በአንድ በኩል ግድግዳዋ መስተዋት ነው፣ በመስተዋቱ ማዶ የጥሪ ተቀባዮቹ ወንበሮች ተደርድረው ይታያሉ። ሰብሳቢዋ ለጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። በግራና በቀኛቸው ሁለት አባላት፣ ጥግ ላይ ኃላፊው፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ልብስ ሰፊው ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊው ቀጭን፣ ጣቶቹ በመርፌ የደነደኑ ሰው ነው፤ ከመጣ ጀምሮ ታናሽየዋን አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ቆማ ነበር። ቴክኒሺያኑ አንኳኩቶ ሲገባ "አላስታውስም" የሚለው ቃል ከአፏ እየወጣ ነበር።

"ጥሪ ደርሶዎታል?" አሉ ሰብሳቢዋ።

"አልደረሰኝም። ይህችን ልጅ ከማሰናበታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እንድትሰሙ ነው የምለምነው። ብዙ አላስቸግርም፤ አራት ደቂቃ ነው።"

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሳ። "ይቅርታ፣ እሱ የቤተሰብ ሰው ነው፤ የእህቷ ባል ነው። ምስክር ሊሆን አይችልም።"

"ምስክር ልሁን አላልኩም። ስልክ ስሙ ነው ያልኩት።"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስወጡት ነበር፤ ምን እንዳዩበት እንጃ፣ "ይቀጥሉ" አሉ። ቴክኒሺያኑ ታናሽየዋን ወደ ወንበሯ ሄዳ የጆሮ ማዳመጫዋን እንድታደርግ፣ የዚያን ቀን ያደረገችውን ሁሉ አንድ ሳታጓድል እንድትደግም ጠየቃት። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀው ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ከሰባተኛው መስመር ጋር አገናኘና እጀታውን ለሰብሳቢዋ ሊሰጥ ሲል ልብስ ሰፊው እጁን ዘረጋ። "የኔ ጆሮ ነው የሰማው" አለ።

በመስተዋቱ ማዶ ታናሽየዋ አጎንብሳ ስትናገር ታየች። "ይቆዩኝ፣ መኪና ልፈልግልዎ" ማለቷን ልብስ ሰፊው በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ ያ "ቲ..." ጀመረ። አራት ደቂቃ ለሚያወራ ሰው ምንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ግን አያልቅም። አንደኛው አባል እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል። ኃላፊው ሰዓቱን ያያል። ልብስ ሰፊው ዐይኑን ጨፍኖ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ያን ቀን እህቱ እንዴት ሆና አጠገቡ እንደነበረች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ቴክኒሺያኑ እጁን ሲያነሳ ታናሽየዋ ወደ መስመሩ ተመልሳ ገባች፤ ልብስ ሰፊውም "ሃሎ፣ ሃሎ" አለ። ምንም አልሆነም። ድምፅዋ ትሕትና የተሞላ፣ ጥርት ያለ፣ በጸጥታው ክፍል ውስጥ ለሁሉም የሚሰማ ነበር። "እባክዎ ይንገሩኝ፣ የቤቱ ምልክት ምንድን ነው?"

"እንግዲህ" አለ ኃላፊው፣ እጆቹን ዘርግቶ።

"አንዴ ይደገም። ሁልጊዜ አይመጣም፤ እኔ ጋ በሦስተኛው ነው የመጣው።"

"የሰው ጊዜ እኮ ነው!" አለ ባለ እስክሪብቶው። ሰብሳቢዋም መነጽራቸውን ማውለቅ ጀምረው ነበር። ያስቆማቸው ልብስ ሰፊው ነው።

"ይደገም" አለ። እጀታውን ከጆሮው አላነሳም። "መጀመሪያ ስታነሳውም እንዲህ ባለ ድምፅ ነበር ያናገረችኝ። እንዲህ የምትናገር ሴት እንዴት እንደዚያ... ይደገም።"

ደገሙት። ሦስት ደቂቃ ሲሆን ቴክኒሺያኑ ወደ ኃላፊው ዞር ብሎ አየ። ካልመጣስ? ኃላፊው በመስመሩ ላይ እጁን አስገብቶ ቢሆንስ? አራት ደቂቃ አለፈ፤ ትንሽ ጨመረ፣ እጁን አነሳ። ታናሽየዋ "እባክዎ ይ..." አለች፤ ልብስ ሰፊውም "ሃሎ" አለ። እጀታው ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ከወንበራቸው ዘለሉ። የሴት ጩኸት ነው፤ በሷ ድምፅ ጀምሮ ወደ ላይ የሚሾል፣ የቁጣ ይሁን የስቃይ የማይለይ ጩኸት። ጩኸቱ ሳያቋርጥ በመስተዋቱ ማዶ ታናሽየዋ አፏን ዘግታ ተቀምጣለች። "ቀጭ" የምትለዋን ድምፅ ሰምታ፣ እንደዚያን ቀኑ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት፣ ግራ ገብቷት በመስተዋቱ በኩል ታያቸዋለች። እነሱም ያይዋታል። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ልብስ ሰፊው እጀታውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

"እና የጮኸብኝ ሰው የለም ማለት ነው?" አለ።

"የለም" አለ ቴክኒሺያኑ።

ኃላፊው ጣልቃ ገባ። "የመሣሪያ ብልሽት ነው፤ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት ሊሆን ይችላል። እናጣራለን፣ ሪፖርት..." መውጫው ይኸው ተከፍቶ ነበር። ቴክኒሺያኑ ዝም ቢል ኖሮ ታናሽየዋም ነጻ ትወጣለች፣ እሱም አይነካም፣ ቤቱም አይሄድም፤ ጥፋቱ ባሕር ማዶ ባለ ፋብሪካ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ልብስ ሰፊው ግን ዐይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም። ስምንት ቀን ሙሉ የሚጠላት አንዲት ሴት ነበረችው፤ አሁን እሷን አጥቷታል።

"ፋብሪካው አይደለም" አለ ቴክኒሺያኑ። "መሣሪያው ልጓም ነበረው። ቅሬታ ይጥፋ ተብዬ ታዝዤ ነበር፤ ልጓሙን የፈታሁት ግን እኔ ነኝ። እንዲህ እንደሚያደርግ ማወቅ ነበረብኝ፤ መዝገብ ላይም አልጻፍኩትም።"

ሰብሳቢዋ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጥተው ከሁለቱ አባላት ጋር ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ ውሳኔውን በር ላይ ቆመው፣ ወረቀት ሳያነቡ ተናገሩት። ታናሽየዋ ክሱ ተነስቶላት ዛሬውኑ ሥራዋን ትጀምራለች። ቴክኒሺያኑና ኃላፊው ጉዳያቸው እስኪጣራ ታግደዋል፤ ቴክኒሺያኑ ከመውጣቱ በፊት ግን በአንድ ሠራተኛ ፊት ሰባተኛዋን መስመር እንዲያስተካክል። ኃላፊው ቴክኒሺያኑን በእግሩ ጫፍ እንደነካው ቆሻሻ አልፎት ሄደ።

ልብስ ሰፊው ደረጃው ላይ ጠብቆት ነበር። ቴክኒሺያኑ ይመታኛል ብሎ አሰበ፤ ቢመታው ደስ ይለው ነበር። ሰውየው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። "ስልኩን ስዘጋው እህቴ ታየኝ ነበር። መናገር አቅቷት በእጇ 'ምን አሉህ?' አለችኝ። 'ሰደቡኝ' አልኳት። እንባዋ መጣ። እሷ ናት ያሳደገችኝ። ሰደቡት ብላ ነው የሞተችው።" ከዚያ ደረጃውን ወረደ።

ታናሽየዋ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

ዛሬ ነው ሊላት ይችል ነበር። "በሁለተኛው ቀን" አለ።

ጣቷን እያጠፈች ቀኖቹን ቆጠረች። "ሥራውን አይደለም" አለችው። "ሥራ ሌላ ይገኛል። እኔ ግን ጮኼ ይሆናል እያልኩ ራሴን ማመን ትቼ ነበር። ሌሊት ሌሊት ጮኼ እንደሆነ ለማስታወስ ስታገል፣ አንተ በግድግዳው ማዶ ትሰማኝ ነበር።" ወደ አዳራሹ ገባች፤ ተረኛዋ ቦታዋን ለቀቀችላት።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ልጆቹን ወደ ጎረቤት ልካለች። ሳሎኑ መሀል ቆማ ጠበቀችው፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትነግሪያት ነበር።"

"አዎ" አለች። "እነግራት ነበር።" ቤቱን ስለማጣት ትጠይቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውንም መልሳ አጠበችው።

ታናሽየዋ ከፈረቃዋ የተመለሰችው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ልብሷን በአንድ ሻንጣ አጣጠፈች። የሥራ ባልደረባዋ ጋ ለጥቂት ቀን እንደምትሄድ ለእህቷ ነገረቻት። እህትየው ለመነቻት፤ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፣ ደግሞ አንዷ የሌላዋን ፊት እየጠረገች ትንሽ ሳቁ። ቴክኒሺያኑ ሻንጣውን ሲያነሳ ታናሽየዋ አልከለከለችውም። አራቱን ፎቅ ወረዱ። ፌርማታው ላይ ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንድ ሰው በስልክ ለቤተሰቡ "ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ፣ በሩን አትቆልፉ" ይላል። ይቅርታ ሊላት ብዙ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ከጥፋቱ ጋር ሲተያይ እያነሰበት መልሶ ዘጋው። አውቶቡሱ መጣ። ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችው፣ ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ዞረች።

"እታለምን ነገ እደውልላታለሁ፤ ንገራት" አለች። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ይገፏታል። "ላንተ ግን ገና ነኝ፣ ጋሼ። ዛሬ እውነቱን ስላወጣህ ይቅር ልልህ ፈልጌ ነበር፤ ሞከርኩ። ገና ነኝ።"

"እሺ" አላት።

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆሞ አየውና፣ የተላከውን መልእክት ለሚስቱ ሊነግር ወደ ሕንጻው ተመልሶ ደረጃውን መውጣት ጀመረ።